የበረንዳ አትክልትን ከቀንድ አውጣ መጠበቅ፦ ለደብረ ማርቆስ ክረምት

በሐምሌ ወር ደብረ ማርቆስ ውስጥ በረንዳው ላይ በሶብላ የተከለ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ግንዱን ብቻ ቢያገኝ፣ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የጎረቤት ዶሮ ነው። ዶሮዋ አንዳንዴ ጥፋተኛ ናት። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሥራው የቀንድ አውጣ ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ በዓመት ከሚያገኘው 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ቀኑ ደመና፣ ሌሊቱ እርጥብ፣ ንፋሱ ቀዝቃዛ፤ ቀንድ አውጣ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በጣሳ፣ በተቆረጠ ጀሪካን፣ በአሮጌ ባልዲ ወይም በሸክላ ለሚተክሉ ሰዎች ነው። የማሳው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ባለማሳው ባቄላውን አንሥቶ ሥሩን ማየት አይችልም። በዕቃ የተተከለ ተክል ግን ይነሣል፣ ይዞራል፣ ቦታ ይቀይራል። ይህን ዕድል የማይጠቀም ሰው ክረምቱን ሙሉ ቅጠል ላይ ሲዋጋ ይከርማል። ቀንድ አውጣን ማታ ከቅጠሉ ከማባረር ይልቅ ቀን የሚውልበትን መጠለያ ማሳጣት ይቀላል፤ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ጥፋተኛውን ለዩ

ቀንድ አውጣ ባለፈበት ልጋግ ይተዋል፤ ልጋጉ ሲደርቅ ያብለጨልጫል። ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ስትል ጎንበስ ብላችሁ የመትከያውን ጎን፣ የሲሚንቶውን ወለልና የቅጠሉን ጀርባ ተመልከቱ። ዝናቡ ልጋጉን አጥቦት ከሆነ ቀዳዳዎቹን እዩ፦ ቅርጻቸው የተዛባ፣ ጠርዛቸው ለስላሳ፣ ከቅጠሉ ዳርም ከመሐሉም የጀመሩ ከሆኑ የእሱ ናቸው። ምላሱ በሺዎች በሚቆጠሩ ረቂቅ ጥርሶች የተሸፈነ ስለሆነ ቅጠሉን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል።

ሌሎቹ ተጠርጣሪዎች በቀላሉ ይለያሉ። አባ ጨጓሬ ከበላበት ቅጠል ሥር ጥቃቅን ጥቁር ቆሻሻ ይተዋል፤ ቀን ላይም እዚያው ይገኛል። ቆራጭ ትል ችግኙን ከአፈሩ ጋር አስተካክሎ ቆርጦ ይጥለዋል፣ ብዙ ጊዜም ሳይበላው ይሄዳል፤ አፈሩን ሁለት ጣት ያህል ብትጭሩ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ዶሮ ደግሞ ቅጠሉን ትቦጭቃለች፣ አፈሩንም ትበትናለች። አሁንም ከተጠራጠራችሁ ባትሪ ይዛችሁ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ውጡ። ዝናብ ካባራ በኋላ ባለው ምሽት ጥፋተኛው ሥራው ላይ ይገኛል።

እግረ መንገዳችሁን ዛጎል ያለውንና ዛጎል የሌለውን ለዩ። ሁለቱም አንድ ወገን ናቸው፣ የሚበሉትም አንድ ነው፤ የሚደበቁበት ቦታ ግን ይለያያል። ባለዛጎሉ ግድግዳ ላይ፣ የካብ ድንጋይ መሐል፣ የመትከያ ጠርዝ ሥር ተጣብቆ ይውላል። ዛጎል አልባው ገላው ቶሎ ስለሚደርቅ ወደ አፈሩ፣ ወደ መትከያው ታችኛ ቀዳዳና ወደ ጠባብ ስንጥቅ ይገባል። እዚህ ላይ የአካባቢያችን አፈር የራሱ ድርሻ አለው። በጎዛምን፣ በማቻከልና በሰናን ገበሬዎች ኖራ እየጨመሩ የሚያክሙት አሲዳማ አፈር ካልሲየም ያንሰዋል፤ ዛጎል የሚሠራው ደግሞ ከካልሲየም ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ዛጎል አልባው ከባለዛጎሉ የተሻለ ይመቸዋል። ከተማ ውስጥ ግን የሲሚንቶ ግድግዳ፣ የኖራ ቅብና የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ስላለ ባለዛጎሉ የጎደለውን ከዚያ እየፋቀ ይሞላል። ስለዚህ ግቢያችሁ በሲሚንቶ አጥር የተከበበ ከሆነ ሁለቱንም ጠብቁ።

የቀን መዋያውን አፍርሱ

አንድ ከሰዓት በኋላ መድቡና መትከያዎቹን በሙሉ አንድ በአንድ አንሡ። እያነሣችሁ ታቹን እዩ፣ ከንፈሩን ዙሪያውን በጣት ዳስሱ። በተለይ የፕላስቲክ መትከያ ጠርዙ ወደ ውጭ የታጠፈ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ዋና መኖሪያው ነው። የጀሪካን እጀታ ውስጡ ክፍት ከሆነ እዚያም ይገባል። ከመትከያው ሥር የሚደረገው የውኃ ማጠራቀሚያ ሳህን በክረምት ምንም ጥቅም የለውም፤ አንሡትና እስከ ኅዳር አስቀምጡት። ሳህኑና መትከያው መሐል ያለችው ጨለማና እርጥብ ክፍተት ሰኔ ላይ ባዶ ብትሆንም ነሐሴ ላይ የመንደር ያህል ታስተናግዳለች።

ከዚያ ዙሪያውን ጥረጉ። ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ጣውላ፣ የተረፈ ቆርቆሮ፣ አንድ ቀን ይጠቅማል ተብሎ የተከመረ ብሎኬት፣ እርጥብ ጆንያ፣ የወደቀ ቅጠል ሁሉ መሸሸጊያ ነው። መጣል ካልፈለጋችሁ (ማን ቆርቆሮ ይጥላል!) ከመትከያዎቹ ቢያንስ ጥቂት ሜትር አርቃችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩት። በአፈሩ ላይ እርጥበት እንዲይዝ ገለባ የምታነጥፉ ከሆነ ይህን የበጋ ልማድ ለክረምቱ ተዉት። ከጥቅምት በኋላ ገለባው አፈሩን ከድርቀት ያድናል፤ በሐምሌ ግን ከሥሩ የሚያሳድረው ቀንድ አውጣ ብቻ ነው።

መትከያ ከመትከያ ጋር ተጠጋግቶ ቅጠል ለቅጠል መነካካት የለበትም። አንዱ ጣሳ ላይ የወጣ ቀንድ አውጣ በቅጠል ድልድይ አሥሩንም ያዳርሳል። በመሐላቸው የእጅ መዳፍ የሚያሳልፍ ክፍተት ተዉ፤ ግድግዳም አታስነኳቸው።

ከፍ አድርጉ፣ ከጠፈጠፉም ወደ ውስጥ አስገቡ

እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው በዚህ እርምጃ ነው፤ ወጪውም ትንሽ ነው። አራት እግር ያለው አግዳሚ ወይም የእንጨት መደርደሪያ ሥሩና መትከያዎቹን ከመሬት ወደ ወገባችሁ ቁመት አውጡ። ቀንድ አውጣው ወደ ምግቡ የሚደርስባቸው መንገዶች አሁን አራቱ እግሮች ብቻ ሆኑ ማለት ነው። እያንዳንዱን እግር ውኃ በያዘ ሰፊ ጣሳ ውስጥ አቁሙ። የየብስ ቀንድ አውጣ ጥልቀት ያለውን ውኃ መሻገር አይወድም። በክረምት ጣሳውን ዝናቡ ራሱ ይሞላላችኋል፤ ቢሆንም ትንኝ እንዳይራባበት በየሳምንቱ ድፉና ለውጡት፣ የወደቀ ቅጠልና ሣር ድልድይ እንዳይሆንም አጽዱ። እንጨቱ ውኃው ውስጥ እንዳይበሰብስ እግሩን በፕላስቲክ መጠቅለል ወይም ድንጋይ አስገብቶ በድንጋዩ ላይ ማቆም ይቻላል።

ቀጥሎ ቦታው። የቆርቆሮ ጣራ ጠፈጠፍ የሚወርድበት መሥመር በግቢው ውስጥ ዋናው የእርጥበት ቦታ ነው፤ ብዙ ሰው ደግሞ ውኃ ለመቆጠብ ብሎ መትከያውን የሚያስቀምጠው እዚያው ላይ ነው። በበጋ ደህና ሐሳብ ነው። በክረምት ግን መትከያውን ከጠፈጠፉ ወደ ውስጥ፣ ወደ ደረቁ የበረንዳ ወለል ሳቡት። ደረቅ ሲሚንቶ ቀንድ አውጣውን ልጋጉን ያስጨርሰዋል፤ ልጋግ መሥራት ደግሞ ውኃ ይፈልጋል። ከዝናብ የተጠለለ ተክል ውኃ ያሻዋል፤ ይህን ጠዋት፣ ከሥሩ፣ ቅጠሉን ሳታረጥቡ አጠጡ። ማታ የሚያጠጣ ሰው ለእንግዳው ምንጣፍ ማንጠፉ ነው።

ቦታ ካነሳችሁ ሁሉንም ማስጠለል አይኖርባችሁም። ቀንድ አውጣ የሚመርጠው አለው። በሶብላ፣ ሰላጣ፣ ቆስጣና የጎመን ችግኝ ግንባር ቀደሞቹ ናቸው፤ እነዚህን ወደ ውስጥ አስገቡ። የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳም፣ ጠጅ ሣርና አሪቲ በሽታቸው ጠንካራ ወይም ቅጠላቸው ደረቅ ስለሆነ ብዙም አይነካቸውም፤ ውጭ ይክረሙ። ነገር ግን ጤና አዳሙ ራሱን አዳነ ማለት ጎኑ ያለውን በሶብላ ያድናል ማለት አይደለም። ጠረኑ ጎረቤትን ይጠብቃል እየተባለ ሲወራ ሰምቼ አምኜ አላውቅም፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ተክሎ በሶብላውን የሚያጣ ሰው ብዙ ነው።

ማታ በባትሪ

ቀንድ አውጣን በእጅ መልቀም የድሃ ዘዴ ተደርጎ ይታያል፤ በትንሽ በረንዳ ላይ ግን ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል። ጥሩው ሰዓት ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ነው። መብራት ቢጠፋም ስልክ ይበቃል። ሰኔ መጀመሪያ ላይ በተከታታይ ምሽቶች ጠንክራችሁ ልቀሙ፣ ቁጥሩ ሲያንስ በሳምንት ሁለቴ ይበቃል። ሰኔ ላይ የተለቀመ አንድ ቀንድ አውጣ በነሐሴ የማይፈለፈሉ ብዙ ልጆች ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቀንድ አውጣ ወንድም ሴትም ነው፣ ሁለት ሲገናኙ ሁለቱም እንቁላል ሊጥሉ ይችላሉ።

በባዶ እጅ አትንኩ። ቀንድ አውጣ ልዩ ልዩ ጥገኛ ትሎችን ይሸከማል፤ የፕላስቲክ ከረጢት እጃችሁ ላይ አጥልቁ ወይም በወረንጦ አንሡ። ልጋጉ ከነካችሁ መጀመሪያ በደረቅ አመድ ወይም ጨርቅ አሹት፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ፤ ቀድማችሁ ውኃ ካፈሰሳችሁበት ይበልጥ ይጣበቃል። በጥሬው የሚበላ ሰላጣና በሶብላም ቅጠል በቅጠል ይታጠብ።

የለቀማችሁትን ሳሙና በበዛበት ውኃ ባልዲ ውስጥ ጨምሩና ጠዋት ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት። ዶሮ ካላችሁ ትናንሾቹንና ዛጎል አልባዎቹን ሳሙና ሳይነካቸው ስጧት፣ ደስ ብሏት ትበላለች። ዶሮዋን ግን ራሷን መትከያዎቹ መሐል አትልቀቋት፤ ከቀንድ አውጣው የባሰ ታጠፋለች።

አጥር አሻግሮ መወርወርን በተመለከተ አንድ ደስ የሚል ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሩት ብሩክስ የተባሉ እንግሊዛዊት አያት፣ የጓሮ አትክልታቸውን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች ከተወረወሩበት ይመለሳሉ ወይስ አይመለሱም የሚል ጥያቄ ይዘው የቀንድ አውጣዎቹን ዛጎል በቀለም ምልክት እያደረጉ ከጎረቤት ቀንድ አውጣዎች ጋር አለዋወጡ። ቀንድ አውጣዎቹ ወደየቤታቸው ተመለሱ። ሴትዮዋ በዚህ ሥራ በቢቢሲ ሬዲዮ የዓመቱ ምርጥ አማተር ሳይንቲስት ተብለው ተሸለሙ። እንግዲህ ለጎረቤት የወረወራችሁት እንግዳ መንገዱን ያውቃል፤ መግደል የማይሆንላችሁ ከሆነ ቢያንስ ከመቶ ሜትር በላይ ወስዳችሁ ልቀቁት።

አተላ

በፈረንጅ አገር ለቀንድ አውጣ ወጥመድ ቢራ ያስቀምጣሉ። የሚስበው አልኮሉ አይደለም፣ የእርሾው ሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ ይህን ይበልጥ አቅልሎ አሳየ፦ ዱቄት፣ ውኃና እርሾ ተደባልቆ የቦካ ተራ የዳቦ ሊጥ ቀንድ አውጣዎችን በደንብ ይስባል። ጎጃም ውስጥ ይህን ለማዘጋጀት ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት አተላ አይጠፋውም፣ እንጀራ የሚጋገርበት ቤትም ከሊጡ ላይ የሚቀነስ ቢጫ ውኃ ይደፋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥልቀቱ አንድ ስንዝር የማይሞላ ጣሳ ወይም የተቆረጠ የውኃ ጠርሙስ መሬት ውስጥ ቅበሩ፤ ከንፈሩ ከአፈሩ በላይ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ይውጣ። ከአፈሩ ጋር እኩል ከሆነ ጥቋቁር የመሬት ጢንዚዛዎች ይገቡበታል፤ እነሱ ደግሞ የቀንድ አውጣን እንቁላልና ትናንሾቹን የሚበሉ ወዳጆቻችሁ ናቸው። እስከ ግማሹ አተላ ወይም ቀጠን ያለ የቦካ ሊጥ ጨምሩ። ዝናብ እንዳያቀጥነው በሦስት ድንጋይ ላይ ያረፈ ቁራጭ ቆርቆሮ ክደኑበት፣ ዶሮና ውሻ እንዳይደርሱበትም ቆርቆሮውን በድንጋይ ጫኑት። በየሁለት ወይም ሦስት ቀኑ ለውጡት።

ቦታውን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ወጥመዱን መትከያዎቹ እግር ሥር ማድረግ እንግዳ ጠርቶ ማዕድ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። ቀንድ አውጣዎቹ ከሚመጡበት አቅጣጫ፣ ለምሳሌ በካቡና በበረንዳው መሐል አድርጉት። አንድ ጣሳ የሚስበው ከቅርብ ያለውን ብቻ ስለሆነ ረጅም አጥር ካላችሁ ሁለት ሦስት ያስፈልጋችኋል። መጥቶ ቀምሶ የሚሄድም አለ፤ ስለዚህ ወጥመዱ ልቀማውን ያግዛል እንጂ አይተካውም። የትኛው ቀማሽ እንደሚበዛበት ማወቅ ከፈለጋችሁ በአንዱ ጣሳ አተላ፣ በሌላው ሊጥ አድርጋችሁ ጠዋት ቁጠሩ፤ ያንኑ ለክረምቱ ቀጥሉበት።

አተላ የማይወድ ቤተሰብ ደግሞ እርጥብ ጣውላ ወይም የተገለበጠ የብርቱካን ልጣጭ ማታ አስቀምጦ ጠዋት ገልብጦ መልቀም ይችላል። ከላይ መሸሸጊያውን አፍርሱ ያልኩት እዚህ ላይ ይገለበጣል፤ ሌላው መሸሸጊያ ሁሉ ከጠፋ በኋላ ሆን ብላችሁ የተዋችሁት አንዱ ጣውላ መሰብሰቢያ ይሆንላችኋል። በየጠዋቱ የማትገለብጡት ከሆነ ግን አታስቀምጡት።

አመድ፣ የእንቁላል ቅርፊትና የቡና አተላ

ሁሉም ቤት የሚያውቃቸው ናቸው፤ ሁሉም የሚባለውን ያህል አይሠሩም።

አመድ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ይሠራል። የቀንድ አውጣውን ልጋግ ይመጥጠዋል፣ ገላውንም ያቃጥለዋል። አንድ ካፊያ ሲነካው ግን ጭቃ ነው። ለዚህ ነው በሐምሌ ውጭ የተነሰነሰ አመድ ጠዋት ዋጋ ቢስ የሚሆነው። ከጠፈጠፉ ወደ ውስጥ፣ በደረቁ ወለል ላይ፣ በመደርደሪያው እግር ዙሪያ አራት ጣት ስፋት አድርጋችሁ ብትነሰንሱት ግን ሳምንት ይቆያል። መትከያው ውስጥ ባለው አፈር ላይ አታብዙት፤ በሰፊ ማሳ ላይ አመድ አሲዳማውን አፈር ያለዝባል፣ በአንድ ጣሳ አፈር ላይ ግን ጨውነቱ ቶሎ ይበዛል።

ተፈጭቶ የሚበተን የእንቁላል ቅርፊት ሆዱን ይወጋዋል ይባላል። የእንግሊዙ የንጉሣዊ አትክልተኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን ባሳወቀው ሙከራ የመዳብ ጥቅልል፣ ሻካራ ጠጠር፣ የዛፍ ልጣጭ፣ የበግ ፀጉር እንክብልና የእንቁላል ቅርፊት በሰላጣ ዙሪያ ተደርገው ተፈተኑ። ምንም ካልተደረገለት ሰላጣ የሚለይ ውጤት ከአንዳቸውም አልተገኘም። በእኛ አካባቢ ደግሞ ቅርፊቱ ተጨማሪ ጣጣ አለው። ካልሲየም ባጠረው አፈር ላይ ካልሲየም መበተን ለባለዛጎሉ ስንቅ ማቀበል ነው። ቅርፊቱን ፈጭታችሁ ከአፈሩ ጋር ብትቀላቅሉት ለተክሉ ይጠቅማል፤ አጥር ይሆነኛል ብላችሁ ግን አትድከሙ።

ስለ ቡናውም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሃዋይ ያሉ ተመራማሪዎች ከ1 እስከ 2 በመቶ ካፌይን ያለበት ውኃ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የቡና አተላ በአትክልት ሥር መድፋት መድኃኒት ተደርጎ ይወራል። ሲኒ ውስጥ ያለ ቡና ግን የዚያን ሩብ እንኳ አይሞላም። የእኛ አተላ ደግሞ አቦል፣ ቶናና በረካ ወጥቶለት፣ ሦስት ጊዜ ተፈልቶ የቀረ ነው፤ አብዛኛው ካፌይን በእንግዶቹ ሆድ ውስጥ ነው። ወደ ብስባሽ ጉድጓዱ ይሂድ።

ጨው ቀንድ አውጣን ይገድላል፣ ተክሉንም ይገድላል። ከመትከያ አፈር አጠገብ አይድረስ።

እንዶድስ?

ይህን ጥያቄ አንድ ኢትዮጵያዊ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ቀንድ አውጣን በዕፅ በመግደል ዓለም የሚያውቀው ስም የእኛው ነውና። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ቢልሃርዚያን ለማጥናት ዓድዋ በሄዱ ጊዜ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው የወንዙ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ከዚያ ተነሥተው ባደረጉት ምርምር እንዶድ የበሽታው ተሸካሚ የሆኑትን የውኃ ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። አዲስ አበባ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ነገር ግን የእሳቸው ቀንድ አውጣ ውኃ ውስጥ የሚኖር ነው። እንዶዱ በውኃው ተበትኖ ገላውን ከሁሉም በኩል ያገኘዋል፣ ማምለጫም የለውም። የበረንዳው ቀንድ አውጣ ደግሞ የሚያቃጥል ነገር ሲነካው ዛጎሉ ውስጥ ይገባል፣ በአረፋ ይሸፈናል፣ ሲደክመው ወደ ስንጥቁ ይመለሳል። መሬት ላይ የፈሰሰውን እንዶድ ደግሞ የነገው ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የተወቀጠ እንዶድ ካለ የምመክረው አንድ አጠቃቀም ብቻ ነው፦ ሳሙናውን ተክቶ የለቀማችሁትን መጨመሪያ ባልዲ ውስጥ ይግባ። በሚበላ ቅጠል ላይ አትርጩት። እንዶድ ዓሣንም እንቁራሪትንም ይገድላል፤ እንቁራሪት ደግሞ ቀንድ አውጣ ትበላለች። ባልዲውን ወደ ቦይ ወይም ወንዝ አትድፉ፣ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበር።

ከሱቅ የሚገዛ መድኃኒት

በግብርና መድኃኒት መሸጫ ያለው አብዛኛው ፈሳሽ ለነፍሳት የተሠራ ነው። ቀንድ አውጣ ነፍሳት አይደለም፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ማላታየን የተረጨበትን በሶብላ ቀንድ አውጣው አይምረውም፣ መድኃኒቱ ግን ለሽሮና ለበርበሬ የሚሆነውን ቅጠል ይመርዝባችኋል፣ ጢንዚዛዎቹንም ይጨርሳል። ለቀንድ አውጣ ተብሎ የሚሠራው እንክብል በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሜታልዴሃይድ የሚባለው ነው፤ ውሻን ይገድላል፣ ብሪታንያም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከቤት ውጭ እንዳይውል ከልክላዋለች። ሕፃንና ውሻ ባለበት ግቢ አላስገባውም። ሌላው ፌሪክ ፎስፌት ነው፤ ለቤት እንስሳት የሚያሰጋው እጅግ ያነሰ ነው፣ ቀንድ አውጣውም ከበላው በኋላ መመገብ ያቆማል። ምልክቱ ላይ ይህ ስም ካለ ግዙ፣ ያለ ምልክት በፌስታል የሚቋጠርላችሁን አትግዙ። እንክብሉ የሚነሰነሰው ፍሬ ከፍሬ ተራርቆ ነው፤ ክምር ማድረግ አያስፈልግም።

ቡሄ ካለፈ በኋላ

ቡሄ ሲያልፍ ክረምቱ አለቀ ማለት ልማዳችን ነው። ቀንድ አውጣው ግን ቀን መቁጠሪያ የለውም፤ በፍልሰታ ጾም ጎመንና ሰላጣ በሚፈለግበት ሰዓት የሰኔዎቹ ልጆች አድገው ከእኛ ጋር ይሻማሉ፣ መስከረም ላይም ዝናቡ እስካለ ድረስ እንቁላል ይጣላል። በዚህ ጊዜ ሥራው ወደ አፈሩ ይዞራል። በየመትከያው ዳር አፈሩን በማንኪያ ሦስትና አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ጫር ጫር አድርጉ። እንቁላሉ ነጣ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ከማሽላ ፍሬ የማይበልጥ ክብ ነገር ነው፤ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ብዙ ሆኖ ይገኛል። አውጥታችሁ ጠራራ ላይ ብታሰጡት ይደርቃል። በነጭ ጥራጥሬ መልክ ያለ ማዳበሪያ ጨምራችሁ ከሆነ አትደናገሩ፤ እንቁላሉ በጣት ሲጫኑት ይፈርጣል።

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለእናንተ ይመቻል። ባለዛጎሉ አፉን በደረቀ ልጋግ ዘግቶ ተኝቷል፣ አይሸሽም፣ አይነክስም። የካቡን ስንጥቅ፣ የግድግዳውን ጥግ፣ የቆርቆሮውን ሥር፣ የውኃ ቆጣሪ ሳጥኑን ውስጡን ፈልጉ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚለቀመው በሐምሌ ሳምንት ሙሉ በባትሪ ከሚለቀመው ሊበልጥ ይችላል፤ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ግን ትንሽ ነው፣ በበጋ ቀንድ አውጣ ማን ትዝ ይለዋል። የካቡን ስንጥቅ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ መድፈን የምትችሉ ከሆነ አሁን ድፈኑ።

መጋቢትና ሚያዝያ አፈር የሚለወጥበት ነው። አሮጌውን የመትከያ አፈር በላስቲክ ላይ አሥጡት፣ እያገላበጣችሁ በፀሐይ በደንብ ይድረቅ። ከደን ወይም ከወንዝ ዳር የመጣ አፈርም ሳይሰጣ ወደ ጣሳ አይግባ። መትከያዎቹን ውስጡንም ውጭውንም በብሩሽ ፈትጉ፤ ታችኛው ቀዳዳ ላይ የአሮጌ ወንፊት ሽቦ ቁራጭ ጣል አድርጉ፣ ውኃ ያሳልፋል፣ ዛጎል አልባውን ግን ያግደዋል። መደርደሪያውና ጣሳዎቹ ግንቦት ሳይወጣ ቦታቸውን ይያዙ።

አዲስ ችግኝ ከችግኝ ጣቢያ ወይም ከቅዳሜ ገበያ ስትገዙ ፕላስቲኩን ገልብጣችሁ ታቹን እዩ፣ የቅጠሉን ጀርባም ገልጣችሁ እዩ። ነጋዴው ቢያጉረመርምም እዩ። ቤት ስታደርሱት ወዲያው ከሌሎቹ ጋር አትቀላቅሉት፤ አራት ሳምንት ያህል ለብቻው፣ ደረቅ ወለል ላይ አቆዩት። እንቁላሉ ለመፈልፈል ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋልና አብሮ የመጣ ካለ በዚህ ጊዜ ውስጥ ራሱን ያሳያል።